የድንጋይ ካባ ጉብኝት በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከፈቃድ እስከ ክሬሸር ዝርዝር መመሪያ

ካባ ገብታችሁ ማየት ለምትፈልጉ ነው ይሄን የምጽፈው። አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበቡት ትልልቅ የድንጋይና የጠጠር ማውጫዎች ማለቴ ነው፣ ስራ ላይ ያሉት። ውጭ ሀገር ይሄ ራሱን የቻለ ቱሪዝም ሆኗል። ጀርመን ውስጥ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ክፍት የከሰል ማዕድን ሊያይ ይሄዳል፣ ሀምባክ የሚባለው ጉድጓድ ወደ 400 ሜትር ይጠልቃል፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ማያ ቦታ ተሰርቶለታል። ሊችተርፌልድ የሚባል መንደር አጠገብ ደሞ 502 ሜትር ርዝመት ያለው ኤፍ 60 የሚባል ማሽን ስራ ካቆመ በኋላ ለጎብኚ ተከፍቶ ሰው ላዩ ላይ እየወጣ ያየዋል።

እኛ ጋ ከሰሉ ራሱ ሩቅ ነው ያለው፣ ያዩ፣ ደልቢ ሞዬ፣ ዳውሮ ወደዛ። ከአዲስ አበባ በታክሲ ተሂዶ የሚታየው ክፍት ማዕድን ድንጋይ ነው፣ እና እኔ በበኩሌ ከከሰሉ አያንስም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እዚህ የምታዩት ጠጠር ነገ የምትኖሩበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚገባው። ትኬት መቁረጫ ስለሌለ ግን ሁሉን ነገር ራሳችሁ ማመቻቸት አለባችሁ፣ ያንን ነው ደረጃ በደረጃ የማሳያችሁ።

1. መጀመሪያ ምን ዓይነት ካባ ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ

ሁሉም ካባ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፣ የእንጦጦ ዓለት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ግን በጣም ቆይተው የመጡ፣ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ ያላቸው እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ስለዚ በየትኛውም አቅጣጫ ከከተማ ስትወጡ ካባ ታገኛላችሁ፣ የምታዩት ነገር ግን ይለያያል።

ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ የሚወጣበት ካባ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ነው። ቁፋሮው፣ ፍንዳታው፣ ጭነቱ፣ ክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው ማሽን) ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በለገጣፎ፣ በአቃቂ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ ስትወጡ የሲኖትራኩን ሰልፍና የአቧራውን ደመና ተከተሉ፣ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ቀይ አመድ ነው። ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጉብ ጉብ ያሉ ትንንሽ ኮረብታዎች ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ጎኑ ተቆርጦ ውስጡ ቀይና ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ እነዛ የትንንሽ እሳተ ገሞራ አፎች ናቸው፣ ለመንገድና ለወለል ሙሌት እየተጫኑ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ፍንዳታ አያስፈልገውም፣ ሎደር ዝም ብሎ ይዝቀዋል፣ ቀለሙ ደሞ ለፎቶ ወደር የለውም። ግን ተንሸራታች ነው፣ ስለሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሶስተኛው ራቅ ይላል፣ ሙገርና ደርባ። እዛ የሚወጣው ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ነው፣ የባህር ደለል የነበረ፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ስር ያለ፣ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ። የሙገር ወንዝ ደጋውን ቆርጦ ስለወረደ ነው እንጂ እኛ ጋ እንዲህ ቅርብ አይታይም ነበር። እዚህ የከሰሉ ታሪክም አለ፣ የሲሚንቶ እቶን የሚነደው በከሰል ነው፣ ለብዙ ዓመት በዶላር ከውጭ ሲገባ የነበረ፣ አሁን አሁን ከሀገር ውስጥ ማዕድን የሚመጣ። ፋብሪካ ስለሆነ ግን ያለ ደብዳቤ በሩን አታልፉም፣ በቡድን ሆናችሁ በተቋም በኩል ብትሄዱ ነው የሚሻለው።

2. ፈቃድ፣ ዋናው ስራ ይሄ ነው

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ካባዎች አብዛኞቹ ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላን አሁን ሸገር ከተማ ስር ናቸው። የኮንስትራክሽን ማዕድን ፈቃድ ለሀገር ውስጥ ባለሀብት የሚሰጠው ክልሉ ነው። እናንተ ግን ማዕድን ልታወጡ ስላልሆነ ቢሮ ለቢሮ መዞር አያስፈልጋችሁም፣ የምትፈልጉት ካባውን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ወይም ማህበር እሺ እንዲላችሁ ነው።

እንዴት ይገኛል? አንደኛው መንገድ በሚያውቁት ሰው ነው። ሲቪል ኢንጂነር፣ ኮንትራክተር፣ የብሎኬት ማምረቻ ያለው ሰው፣ የሲኖትራክ ሹፌር፣ ከነዚህ አንዱን የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። የሚያውቅ ሰው ካባው ላይ ላለው ሳይት ኢንጂነር ወይም ፎርማን ደውሎ «ሁለት ሰው ሊያዩ ይመጣሉ፣ ሌላ ጉዳይ የላቸውም» ካለ ግማሹ አለቀ። «ሌላ ጉዳይ የላቸውም» የምትለዋ ወሳኝ ናት፣ ምክንያቱም ማንም ያልታወቀ ሰው ካሜራ ይዞ ካባ ውስጥ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከአካባቢ ጥበቃ ወይም ከታክስ የመጣ ነው ተብሎ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ተማሪ ከሆናችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ፣ ሰራተኛ ከሆናችሁ ከመስሪያ ቤታችሁ፣ የፎቶ ክለብ ምናምን ካላችሁም በክለቡ ማህተም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ስንት ሰው፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ ፎቶ ይነሳል ወይስ አይነሳም፣ የደህንነት መመሪያቸውን እንደምታከብሩ፣ በቃ። መታወቂያ ወይም ፋይዳ ኮፒ አያይዙ።

ሶስተኛው በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ይሰራል፣ ግን በዛው ቀን እገባለሁ ብላችሁ አትሂዱ። አንድ ቀን ሂዱ፣ በር ላይ ያለውን ጥበቃ በክብር ሰላም በሉ፣ «ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ኃላፊውን ማናገር ፈልገን ነበር፣ መቼ ብንመጣ ይገኛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ አፋን ኦሮሞ ነው የሚነገረው፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመርና «ገለቶማ» ብሎ መጨረስ የማንንም ፊት ያፈካል።

አንድ ነገር አደራ፣ ጥበቃውን ሻይ ቡና ብላችሁ አትግቡ። አንድ ድንጋይ ተንከባሎ ቢነካችሁ እሳቸው ናቸው ስራቸውን የሚያጡት፣ ደሞ ፍንዳታ ያለበት ግቢ ውስጥ አለቃው የማያውቀው ሰው መኖሩ ራሱ አደጋ ነው። ፎርማኑ ሰው ቆጥሮ ነው አካባቢውን የሚያጸዳው፣ እናንተ ቁጥሩ ውስጥ ከሌላችሁ አይፈልጋችሁም።

3. ቀኑና ሰዓቱ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ግድግዳው ይላላል፣ በተለይ በአቃቂና በቦሌ አራብሳ አቅጣጫ ያለው መረሬ አፈር አንዴ ከራሰ እግርም ጎማም አያስኬድም። በጋ ላይ የካቲትና መጋቢት አቧራው ይበዛል፣ መሄድ ይቻላል ግን ማስክ ሳይያዝ አይታሰብም።

ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ይሻላል። እሁድ ካባው ጭር ይላል፣ ማሽን ሲሰራ ማየት ካልቻላችሁ መሄዱ ምኑ ነው። ሰው የሚረሳው ደሞ የወር በዓላትን ነው፣ 12 ሚካኤል ወይ 21 ማርያም ላይ ጠራቢዎቹ ስራ የማይገቡበት ቦታ አለ፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ጠዋት 2:30 አካባቢ ድረሱ። በዛ ሰዓት ፀሀይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ግድግዳው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ጥላ ይዞ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ግራጫ ይሆናል። ሌላው ምክንያት ፍንዳታ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የምሳ ሰዓት ላይ ወይም ወደ ማታ ሰራተኛው ሲወጣ ስለሆነ ጠዋት መግባት ተረጋግታችሁ ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል።

4. ምን ይዛችሁ፣ ምን ለብሳችሁ

ሴፍቲ ጫማ፣ ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ጃኬት። ሶስቱም መርካቶ ይገኛሉ፣ ከሚሰራ ሰው መዋስም ይቻላል። ካባው ይሰጠናል ብላችሁ አትተማመኑ፣ ብዙ ቦታ ለራሳቸው ሰራተኛም አይበቃም፣ እና የአንድን ሰራተኛ ሄልሜት ከራሱ ላይ አውልቃችሁ ለጉብኝት ማድረግ ነውር ነው። ስኒከር አይሆንም፣ አዲስ የተሰበረ ባዛልት ጠርዙ ስለት ነው፣ ሶሉን ይበላዋል።

ማስኩ ኤን 95 የሚባለው ይሁን። ነጠላ ወይ ስካርፍ አፍ ላይ መጠምጠም ወፍራሙን አቧራ ነው የሚይዘው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውን ደቃቁን አይዝም። ለክሬሸሩ የጆሮ መድፈኛ፣ ለዓይን መነጽር። የመገናኛ ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ለዛ ቀን ተዉት።

ውሃ ቢያንስ 2 ሊትር፣ ኮፍያ ለመንገዱ፣ ዳቦ ወይ በሶ። ካሜራ ካላችሁ ሌንስ የምትቀይሩ እንዳትሆኑ፣ አንዱን ገጥማችሁ ሂዱ።

5. መንገዱ

ወደ ለገጣፎ ከመገናኛ፣ ወደ ሰበታ ከአየር ጤና፣ ወደ ሱሉልታ ከአዲሱ ገበያ፣ ወደ ገላንና ዱከም ከቃሊቲ ታክሲ ወይ ባስ አለ። ከዋናው መንገድ ካባው ድረስ ባጃጅ ካለ በባጃጅ፣ ከሌለ በእግር። በእግር ስትሄዱ የሲኖትራኩ ጎማ ከሄደበት መስመር ወጣ ብላችሁ፣ ከፊት የሚመጣውን እያያችሁ። 16 ሜትር ኩብ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ጭነቱ ብቻ ወደ 24 ቶን ይጠጋል፣ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ቢያያችሁም ወዲያው ማቆም አይችልም። ሹፌሮቹ ደጎች ናቸው፣ «ግቡ ላድርሳችሁ» ይሏችኋል፣ አመስግናችሁ ባትወጡ ይሻላል።

6. ከላይ ጀምሩ

በሩን አልፋችሁ ከፎርማኑ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ሶስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ፍንዳታ አለ ወይ፣ ካለ በስንት ሰዓትና የት ሆነን እንጠብቅ፣ የማይገባበት ቦታ የቱ ነው። ከዛ ስልካችሁን ስጡት፣ ስልኩን ያዙ፣ ከናንተ ጋር የሚሄድ ሰው ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ወዴት እንደሄዳችሁ ሁሌም ይወቅ።

ወዲያው ወደ ማሽኑ አትሩጡ። መጀመሪያ ጉድጓዱን ከነሙሉው ከሚታይበት ከፍ ካለ ቦታ ቁሙ፣ ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ። የላይኛው ጠርዝ ከስሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ሆኖ አይታወቅም። መሬቱ ላይ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ በጣም ራቁ።

ከዚህ ቦታ ሆናችሁ የስራውን ዙር ፈልጉ። ላይኛው አፈር የተገፋበት ቦታ፣ ዋገን ድሪሉ (ድንጋይ መብሻ ማሽኑ) የሚቆፍርበት፣ የፈነዳው ድንጋይ የተከመረበት፣ ኤክስካቫተሩ የሚጭንበት፣ ገልባጩ የሚሄድበት፣ ክሬሸሩ። አንድ ገልባጭ በዓይናችሁ ያዙና ጭኖ፣ ደፍቶ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ተከታተሉት። አሰልቺ ይመስላል ግን ይሄን ያደረገ ሰው ወደ ውስጥ ሲወርድ ምን እያየ እንደሆነ ያውቃል፣ ያላደረገው ብረትና ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ ቦታ አያልፉም፣ ከላይ ሆነው ይዩ።

7. ግድግዳውን ማንበብ

ለኔ ከሁሉም በላይ ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው፣ ቀስ በሉበት።

ከግድግዳው የሚርቁት ርቀት ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ያህል ይሁን፣ እጥፍ ቢሆን ደሞ ይመረጣል። 10 ሜትር ግድግዳ ከሆነ 20 ሜትር ራቁ። ባይኖኩላር ወይም የስልክ ካሜራ ዙም ይበቃል።

ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። አናቱ ላይ ጥቁር ወይ ቡናማ አፈር አለ። ከሱ ስር ድንጋይም አፈርም ያልሆነ፣ ክብ ክብ የሆነ ነገር ታያላችሁ፣ በዝናብ ውሃና በአየር እየበሰበሰ ያለ ባዛልት ነው፣ እንደ ሽንኩርት ንብርብር እየተላጠ መሀሉ ላይ ጠንካራው ይቀራል። ከዛ ጤነኛው ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። እድለኛ ከሆናችሁ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ባለ አምስት ባለ ስድስት ማዕዘን ምሰሶዎች ታገኛላችሁ፣ ሰው የጠረባቸው ነው የሚመስሉት። ላቫው ከፈሰሰ በኋላ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ከሚበርደው ከላይና ከታች ፊት ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ ነው ምሰሶ የሚወጣው። ምሰሶው ዘመም ካለ ላቫው የበረደበት ፊት ዘመም ያለ ነበር ማለት ነው።

በሁለት ጥቁር ንብርብር መሀል አንዳንዴ ቀይ መስመር አለ፣ ቀጭን፣ የሸክላ ቀለም ያለው። ከፎርማኖቹ ብዙዎቹ ይሄን መስመር አይወዱትም፣ ጠጠሩን ያበላሽባቸዋል፣ ለናንተ ግን ዋናው እሱ ነው። የድሮ አፈር ነው። አንዱ ላቫ ፈስሶ በርዶ፣ ዘመናት አልፈው ላዩ ላይ አፈር ተሰርቶ፣ ሳር ቅጠል በቅሎበት፣ ከዛ ሌላ ላቫ መጥቶ ላዩ ላይ ሲፈስ አፈሩን ጠበሰው። በሁለቱ ጥቁር ድንጋይ መሀል ያለው ጊዜ እዛች ቀጭን መስመር ውስጥ ነው ያለው።

ነጣ ወይም ሮዝ ያለ፣ ውስጡ የተጨፈለቁ ጠፍጣፋ ስባሪዎች ያሉት ድንጋይ ካያችሁ ኢግኒምብራይት ነው፣ ላቫ ሳይሆን የጋለ የአመድ ደመና መሬት ለመሬት ሮጦ ተጋግሮ የቀረ። እንዲህ ያለ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰው በእጁ ሲፈለፍለው ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ከካባው በፊት ወይ በኋላ የካ ዋሻ ሚካኤል ውጡ፣ ከኮተቤ በላይ ያለው ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ እዛው ከተማ ውስጥ ነው።

ድንጋይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ከግድግዳው ስር ሳይሆን ከክምሩ ጠርዝ፣ አስፈቅዳችሁ። ባዛልት ውስጥ ነጭ ነጭ ነጥቦች ካሉ አንዳንዶቹ ድሮ የጋዝ አረፋ የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው፣ በኋላ ውሃ ይዞት በመጣ ማዕድን ተሞልተው።

ቀይ አመድ ካባ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ሌላ ነው። ቁሱ ልቅ ነው፣ አይያያዝም፣ ከስሩ ሲዛቅ ላዩ ለጊዜው ቆሞ ይቆይና ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይናዳል። አካፋ ይዘው ከስር የሚዝቁ ሰዎች የሚሞቱት እንዲህ ነው። እናንተ ፎቶ ለመነሳት ብላችሁ ከተቦረቦረ ግድግዳ ስር እንዳትቆሙ፣ ሌላው ቆሞ ብታዩትም።

8. ቁፋሮና ፍንዳታ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለምን እንደ ጀርመኖቹ በትልቅ ማሽን አይቆፈርም ነው። የነሱ ቡናማ ከሰልና ላዩ ያለው አሸዋ ለስላሳ ነው፣ ዙሪያውን ባልዲ የተገጠመለት ግዙፍ ጎማ ያለው ማሽን እየበላው ይሄዳል፣ ባገር 293 የሚባለው በአውሮፓ አቆጣጠር 1995 የተሰራው ማሽን 14,200 ቶን ይመዝናል፣ በቀን 240,000 ሜትር ኩብ ማንሳት ይችላል፣ በኛ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ሲሰላ 15,000 ጭነት መሆኑ ነው። ባዛልት ላይ ያ ማሽን ጥርሱ ይረግፋል። ስለዚ የኛ ስራ መጀመሪያ ድንጋዩን መሰንጠቅ ነው።

ዋገን ድሪሉ ከኮምፕረሰር አየር እየወሰደ በረድፍ በረድፍ ይቆፍራል፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ሁለት ሶስት ሜትር ይራራቃል። ከቀዳዳው አፍ የሚወጣውን ዱቄት ቀለም እዩ፣ ቆፋሪው ጥልቁ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው በሱ ነው፣ ግራጫው ወደ ቀይ ከተቀየረ ያቺን የድሮ አፈር አግኝቷታል ማለት ነው። ከዛ ቀዳዳው ስር ድማሚት ይገባል፣ ላዩ ላይ ከናፍጣ ጋር የተለወሰ አሞኒየም ናይትሬት ይሞላል፣ አፉ በደቃቅ ጠጠር ይደፈናል። ሁሉም በአንዴ አይፈነዳም፣ የፊተኛው ረድፍ በሚሊሰከንዶች ቀድሞ ይሄድና ለኋለኛው ቦታ ይለቅለታል፣ ለዛ ነው ድንጋዩ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት የሚወድቀው።

ሙያተኞቹ ፈንጂ ሲሞሉ ቅርብ መሆን የለባችሁም፣ በዛ ሰዓት ስልካችሁን ዝጉ ካሏችሁ ዝጉ። የፈንጂ መጋዘኑን ፎቶ አታንሱ፣ የት እንደሆነም አትጠይቁ።

ፍንዳታ ለማየት ከተፈቀደላችሁ 500 ሜትር የተለመደ ርቀት ነው፣ ቦታውን የሚወስነው ግን የሳይቱ ሰው ነው። ሳይረን ወይም ጩኸት ይኖራል፣ ቀይ ባንዲራ ይዘው መንገድ የሚዘጉ ሰዎች ይቆማሉ። መጀመሪያ መሬቱ ከእግራችሁ ስር ነቅነቅ ሲል ይሰማችኋል፣ በዓይናችሁ ደሞ ግድግዳው ሲያብጥና አቧራው ሲነሳ ታያላችሁ፣ ድምፁ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ 500 ሜትር ላይ ከሆናችሁ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ዘግይቶ። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ድምፁን ሰምታችሁ እንዳታቆሙ፣ ክምሩ እስኪረጋ ይቀጥል።

ካለቀ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው አደገኛው። ሁሉም ቀዳዳ ላይፈነዳ ይችላል፣ ሙያተኛው ሄዶ አይቶ «ሰላም ነው» እስኪል ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ክምሩ ላይ ገመድ፣ ሽቦ ወይም ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ካያችሁ ሳትነኩ ለፎርማኑ ንገሩ።

9. ክሬሸሩን መጨረሻ ላይ

ክሬሸሩን ለመጨረሻ የማቆየው አቧራውና ጩኸቱ ስለሚያደክም ነው፣ ከሱ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አያሰኝም። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታችሁ በሚመጣበት በኩል ቁሙ።

ገልባጩ ድንጋዩን አፉ ላይ ይደፋል። መጀመሪያ ያለው ጃው ክሬሸር ነው፣ አንዱ ቋሚ ሌላው ተንቀሳቃሽ የሆኑ ሁለት የብረት መንጋጋዎች፣ ድንጋዩ በመሀላቸው እየወረደ ይሰበራል። ከዛ በኮንቬየር (ድንጋይ ተሸካሚ ቀበቶ) ይበልጥ ወደሚያደቅቀው ኮን ክሬሸር፣ ከዛ ወደሚንቀጠቀጠው ወንፊት። ወንፊቱ ፎቅ በፎቅ ነው፣ ከያንዳንዱ ፎቅ አንድ ኮንቬየር ይወጣል፣ ከያንዳንዱ ኮንቬየር ጫፍ አንድ ክምር። ከሁሉም ደቃቁ 00፣ ከሱ ከፍ የሚለው 01 ለብሎኬት፣ 02 ደሞ ለአርማታ። ክምሮቹ አጠገብ ቆማችሁ ከያንዳንዱ አንድ እፍኝ ያዙና እዩ፣ ሁሉም ጠዋት ያያችሁት ያው ግድግዳ ነው።

ኮንቬየር ስር አትለፉ፣ ላዩ ላይ አትሻገሩ፣ ነጠላና ስካርፍ ጫፉ የተንጠለጠለ እንዳይሆን፣ ጸጉር ይታሰር። ማሽን ቆሞ ብታዩም ከርቀት ማስነሳት ይቻላል። ክምር ላይ መውጣትም ክልክል ነው፣ ከስሩ እየተሳበ ከሆነ ሰው ይውጣል።

10. ከሰዎቹ ጋር

ብዙ ካባ ዳር ላይ በእጅ የሚሰሩ ጠራቢዎች አሉ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ዲጂኖ። የመሰረት ድንጋይና ኮብልስቶን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ከጎን ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ጥሩ ጠራቢ ከመምታቱ በፊት ድንጋዩን አገላብጦ ያያል፣ የሚሰነጠቅበትን መስመር ካገኘ በሁለት በሶስት ምት ይከፍለዋል። የት እንደሚመታ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ነው የሚያሳያችሁ። የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋልና መነጽራችሁን አታውልቁ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፊት ለፊት ጠይቁ፣ እንቢ ካለ እንቢ ነው። ካነሳችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ ስራ ላይ ሆኖ የተነሳ ጥሩ ፎቶ ያለው ሰው እዛ ጥቂት ነው። ያለ ሄልሜት የሚሰራን ሰው ፎቶ ከነፊቱ አትለጥፉ፣ መዘዙ ለሱ ነው የሚተርፈው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም።

ምሳ ሰዓት ላይ ካባው በር ላይ ያለችው ሻይ ቤት ግቡ። ስለ ካባው ታሪክ፣ የቱ ጋ ተንዶ እንደነበር፣ መንደሩ በፍንዳታው ግድግዳው እንደተሰነጠቀ፣ እዛ ነው የሚሰማው። እማማ ሻይ የሚሸጡት ሁሉን ያውቃሉ። የመንደሩ ሰው አቧራውን ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍስ ነውና ስለ ካባው ውበት ከማውራታችሁ በፊት የሱን ስሙ።

የተተወ ካባ ላይ

ፈቃድ አስቸጋሪ ነው ብላችሁ የተተወ ካባ ለመሄድ እንዳታስቡ። ሰው የሌለበት ስለሆነ ሰላም ይመስላል፣ ግን ግድግዳውን የሚከታተል የለም፣ ከላይ የላላ ድንጋይ የሚያወርድ የለም፣ ብትወድቁ የሚሰማ የለም። ውሃ የሞላው ከሆነ ደሞ ጭራሽ፣ ዳሩ ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ አንዴ ከገቡ መውጫ የለውም፣ በየክረምቱ ልጆች የሚሰምጡት እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ነው። ጀርመን ውስጥ ያለቁ የከሰል ጉድጓዶች ሀይቅ ሆነው ሰው የሚዋኝባቸው ዳራቸው በምህንድስና ተስተካክሎ ስለተሰራ ነው፣ የኛዎቹ አልተሰሩም።

ቀን ከተረፋችሁ

የሰበታ አቅጣጫ ካባ ካያችሁ በዛው በአለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ የጥንት ሰው ቅሪት ወደተገኘበት ወደ መልካ ቁንጡሬ ቀጥሉ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዛ አጠገብ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት የነበሩ የሰው ዘሮች መሳሪያ የሚሰሩበትን ባልጩት ያገኙበት ቦታ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መሬቱ ላይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ስባሪ ተበትኖ ታያላችሁ። ጠዋት ጠራቢውን አይታችሁ ከሆነ ስባሪው ላይ ያለውን የምት ምልክት ወዲያው ትለዩታላችሁ። ሙዚየሙ ጋ አስጎብኚ ያዙ፣ ከመሬት ምንም አታንሱ፣ ቅርስ ነው። ከካባው የመጣ ድንጋይ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለም ለአስጎብኚው ቀድማችሁ አሳዩ፣ በኋላ ስትወጡ ጥያቄ እንዳይነሳ። ከ9 ሰዓት በፊት ተነስታችሁ ተመለሱ፣ ከዛ በኋላ የአለም ገናው መንገድ በከባድ መኪና ይጨናነቃል።